የመስታወቷ ነገር

ዛሬ አራት ኪሎ የጥርስ ክሊኒክ ወረፋ ይዤ አንዲት እናት ከጎረምሳ ልጃቸው ጋር ገቡ። ኦቲዝም አለበት። ከውስጥ የመቦርቦሪያው ድምፅ በመጣ ቁጥር የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጭምቅ ያደርገዋል።

ሐኪሟ ወጣ አለችና ትንሿን የአፍ መስታወት ሰጠችው። አገላብጦ አያት። ጥፍሩን አየባት። ወደ አፉ አስጠጋት፤ መልሶ አራቃት። ወረፋው ቆሟል፤ ግን ማንም አላጉረመረመም። እኔ እንኳን፣ ድዴ አብጦ! በመጨረሻ አፉን ከፈተ።

እናትየው እንዳጫወቱኝ ሌላ ቦታ «ሙሉ ሰመመን ካልወሰደ አንነካውም» ተብለዋል። ሰመመን ማለት ደግሞ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ባለሙያ፣ ምርመራ ነው። አንዲት ጥርስ ለማስሞላት! አንዳንዱን የግድ ያስፈልገዋል፣ እሺ። ብዙዎቹን የሚያስጨንቃቸው ግን መብራቱ፣ ድምፁ፣ የጓንቱ ሽታ ነው። ሕመሙን በቃል የማይናገርም አለ፤ ቤተሰብ የሚነቃው ጉንጩ ሲያብጥ ነው። ያኔ ወጪው ሰማይ ነክቷል።

ዘሚ የኑስ (ነፍሳቸውን ይማር) ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ልጆች ማዕከል ከከፈቱ ከ20 ዓመት በላይ ሆነ። የያኔዎቹ ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ጥርስም አላቸው። ክሊኒኮች ጫጫታ ሳይጀምር የጠዋቷን የመጀመሪያ ሰዓት ለእነሱ ቢይዙላቸው ምን ትላላችሁ?