በርሜል ውስጥ የቀረው አረር

ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ጥበቃ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ክላሾቹን ሳይጨምር አራት ማካሮቭ ሽጉጥ በእኔ ፊርማ ይወጣል፣ በእኔ ፊርማ ይገባል። ዓመታት ሙሉ መሣሪያ ስቆጥርና ስወለውል ስለኖርኩ ጥይትም የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

የዓመቱ የኢላማ ልምምድ ሲደርስ የተመደበልን ጥይት አነሰ፤ ለአንድ ሰው ሦስት እንኳ አይዳረስም። በዚህ ስብሰለሰል፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት ጥበቃ፣ ሁላችንም «አያ» የምንላቸው፣ በማግስቱ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው ቢሮዬ ገቡ። ሲፈቱት 20 የሽጉጥ ጥይት ነው።

«ለልጆቹ መልመጃ ይሁን ብዬ ነው» አሉኝ። «አንድ የማውቀው ሰው እቤቱ የሚሞላው ነው። አብሽር፣ ዘጠኝ ሚሊ ነው፤ የሱም ሽጉጥ ማካሮቭ ነው።»

«እቤቱ የሚሞላው» ማለት የተተኮሰ ቀለሃ ሰብስቦ፣ ባሩድና አረር እየከተተ እንደገና ጥይት የሚያደርገው ማለት ነው። ይህን ስሰማ ቋጠሮውን መልሼ አስሬ ለፖሊስ ማስረከብ ነበረብኝ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት እንደሚያስቀጣ እኔው ራሴ ለጥበቃዎቹ ያነበብኩት ነው። ግን ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ በእኛ አካባቢ ቀለሃ የትም ወድቆ ይገኝ ስለነበር፣ ሰው ቀለሃ ሰበሰበ ሲባል ነገሩ ከእንጨት ለቀማ ብዙ የራቀ አይመስለንም ነበር። የአያን ደግነት መግፋትም ከበደኝ። አመስግኜ ተቀበልኳቸው።

ሳልፈትሽ አልተቀበልኩም። አንዷን አንስቼ በርሜሉ ውስጥ ከተትኳት፤ ልክክ ብላ ገባች። ስምንቷን ካዝና ውስጥ ደረደርኩ፤ የካዝናው ሞላ (ስፕሪንጉ) ያለ ችግር ወደ ላይ ገፋቸው። ከቀለሃው ቂጥ ላይ «9» የሚል አየሁ። ከጎኑ «19» የሚል የነበረባቸውም ነበሩ፤ አይቼው አለፍኩ። አረሮቹ፣ ማለትም ከቀለሃው ወጥተው ኢላማውን የሚመቱት የጥይቱ ጫፎች፣ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑም አይቻለሁ፤ ገሚሶቹ መዳብ የለበሱ፣ ገሚሶቹ ምንም ያልለበሰ እርሳስ።

ልምምዱ የተፈቀደልን ከከተማው ወጣ ብሎ ከአንድ ገደል ሥር ነው። ኢላማችን ካርቶን ነው። በተመደበልን ጥይት የተኮሱት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ካርቶኑን በክብ በክብ በሱት። የአያን ጥይት የወሰደው ልጅ ሦስት ተኮሰ። ሁለቱ ጭራሽ ካርቶኑን ሳቱት። አንዱ መታው፤ ቀዳዳው ግን ክብ አልነበረም፤ በቢላ የተሰነጠቀ ያህል ረዘም ያለ ነው። እኔ የልጁን እጅ ወቀስኩ። «ምላጩን አትንጠቀው፣ ቀስ አድርገህ ሳበው» እያልኩ ቆምኩ። ዛሬ ሳስበው ያ ካርቶን አፍ አውጥቶ እየነገረኝ ነበር። አረር በጎኑ የሚመታው በአየር ላይ እየተገላበጠ ሲሄድ ነው፤ የሚገላበጠው ደግሞ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ይዞ ሳያሽከረክረው ሲቀር ነው።

አራተኛውን ሲስብ ድምፁ ተኩስ አይመስልም ነበር። ከተዘጋ በር ጀርባ እንደተመታ ትራስ «ጡፍ» አለ። የሽጉጡ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ አልተመለሰም። ልጁ ሥልጠናውን አልረሳም፤ ጥይት ሲከሽፍ እንዳስተማርኩት ብረቱን በእጁ ስቦ ቀለሃውን አወጣ፣ ቀጣዩን አቀባበለ፣ ጣቱን ወደ ምላጩ መለሰ።

«አቁም!» ብዬ የጮህኩበት ድምፅ የራሴ አይመስለኝም። ጣቱ ቆመ። ሽጉጡን ከእጁ ተቀበልኩ፣ ካዝናውን ነቀልኩ፣ የተቀባበለውን አወጣሁ፤ ከዚያ የመወልወያውን ዘንግ በአፈሙዙ በኩል አስገባሁ። የማካሮቭ በርሜል 93.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉ ግማሹ ላይ ሲደርስ ቆመ። የእርሳስ አረር መሃል ላይ ተቀርቅሮ ነበር። ሁለተኛው ቢተኮስ ኖሮ ከፊቱ መውጫ ያጣው ጋዝ በርሜሉን ይነፋዋል ወይም ይሰነጥቀዋል፤ የልጁ እጅና ፊት ደግሞ እዚያው ነበሩ። ልጁ 23 ዓመቱ ነው፤ እናቱን አውቃቸዋለሁ።

የቀሩትን 16 ጥይቶች ከሽጉጡ ጋር ይዤ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ሄድኩ፤ የሆነውን አስመዝግቤ አስረከብኩ። እዚያ አንድ የፖሊስ መሣሪያ ባለሙያ አገኘሁ። ሳይቆጣኝ፣ አረሮቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ውፍረት በሚለካበት መሣሪያ፣ በካሊፐር፣ ሲለካቸው አጠገቡ ቆሜ አየሁ።

«ሁለት ዘጠኝ አለ፣ ወንድሜ» አለኝ። የማካሮቭ አረር 9.27 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ፓራቤለም የሚባለው፣ በዓለም የተስፋፋው ዘጠኝ በ19 (19ኙ የቀለሃው ርዝመት ነው)፣ አረሩ 9.01 ነው። ስማቸው ዘጠኝ፣ ውፍረታቸው የተለያየ። ጥይቱን የሞላው ሰውዬ የፓራቤለም ቀለሃ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጦ ለማካሮቭ አሳጥሮታል፤ ልክክ ብሎ የገባልኝም ለዚያ ነው። በአንዳንዱ ላይ ግን የፓራቤለሙን ቀጭን አረር ሰካበት። ሩብ ሚሊ ሜትር በዓይን አይታይም። ለበርሜሉ ግን ልዩነቱ በሰፊ ጫማ እንደ መሮጥ ነው፤ ቦዩ አይነክሰውም፣ ጋዙ በጎኑ ያመልጣል፣ አረሩ ይገላበጣል። ባለሙያው አንዱን ቀጭን አረር መልሶ ቀለሃው ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ ቢጫነው ወደ ውስጥ ሰመጠ። ይህ በማቀባበል ላይ ቢሆን ኖሮ የባሩዱ ቦታ ይጠብባል፣ ግፊቱም በዚያው ልክ ይንራል።

ከዚያ ሚዛን ላይ አስቀመጣቸው። ለማካሮቭ የተለመደው አረር 6.1 ግራም ገደማ ነው። ከመሃላቸው 7.4 የሚመዝን አለ፣ 8 የሚመዝንም አለ። ይህ ነገር ብዙ ሰው የማይገባው ነው፤ እኔም አልገባኝም ነበር። ከባድ አረር የበለጠ ይመታል ብለን እናስባለን። ከባዱ ግን ለመነሳት ይዘገያል፤ እሱ እስኪነሳ ባሩዱ እየነደደ ግፊቱ ይጨምራል። ረዘም ስለሚልም ቀለሃው ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ለቀላሉ የተለካ ባሩድ ለከባዱ ይበዛል። ማካሮቭ ደግሞ ሲተኮስ በርሜሉን የሚቆልፍ ነገር የለውም፤ ቀለሃውን ይዞ የሚያቆየው የላይኛው ብረት ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ነው። የተቀረቀረው ደግሞ በተቃራኒው ባሩዱ ያነሰ ነበር። ከአንድ ቋጠሮ የወጡ ጥይቶች አንዱ ጎድሎት፣ ሌላው ተርፎት።

አሜሪካ ውስጥ ሰዎች በሕግ እቤታቸው ጥይት ይሞላሉ፤ የአረርና የባሩድ አምራቾችም ለየአረሩ ክብደት ባሩዱ ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ መጽሐፍ ያሳትማሉ። አረር የለወጠ ሰው ከዝቅተኛው ይጀምራል። እዚያ ሥራው በሚዛንና በካሊፐር የሚሠራ ነው። የእኛው ሰው በማንኪያ ይለካ እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

የሰማሁት ከአያ ነው። ስመለስ ግቢው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው፣ ሰውየው እርሳሱን ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈታ፣ ማጀት ውስጥ በድስት እንደሚያቀልጠው ነገሩኝ።

«በዚያው ድስት ያበስላሉ?»

«አላውቅም ልጄ። ልጆቹ ግን እዚያው ይጫወታሉ።»

ከተቀረቀረው አረር ይልቅ ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እርሳስ 327 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ የከሰል እሳት ይበቃዋል። ጢሱና ብናኙ ወለል ላይ፣ ልብስ ላይ፣ የልጅ እጅ ላይ ያርፋል። የሕፃን አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ አይመለስም። አያ ማታውኑ ሰውየው ቤት ሄዱ። እንዲህ አሉት ብለው አልነገሩኝም፤ ድስቱ መጣሉን፣ ልጆቹም ጤና ጣቢያ መወሰዳቸውን ብቻ ነገሩኝ።

እኔም ጥፋቴን በጽሑፍ ለአስተዳደሩ አቀረብኩ፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ተገቢ ነበር። ከገዛ ደመወዜ ካሊፐር ገዝቼ ከመዝገቡ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። በሚቀጥለው ዓመት ጥይት በካርቶን ታሽጎ ሲመጣ፣ ያ ልጅ ሳልጠራው መጥቶ ካሊፐሩን ከእጄ ተቀበለና ከካርቶኑ አንዷን አውጥቶ ለካ። አያ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ስንት አለ?»

«9.27፣ አያ።»

«እስቲ ሁለተኛዋንም ለካት።»