ይማራት ወይስ ይማርህ?

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጥርሴን ስፍቅ፣ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ሌሊት ውኃ ጠምቶኝ ስነሳ፣ የማስበው ስለ ሁለት ፊደል ነው። "ራት" ወይስ "ርህ"?

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አንዲት የ1965 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። አለችኝ ስል፣ አጎቴ ጓሮ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ስትጥልባት ኖራ፣ እኔ ዶሮዋን አስነስቼ ያመጣኋት ማለቴ ነው። ጤነኛ ሰው አሮጌ ቮልስ ሲያገኝ ቀለም ቀብቶ ለሠርግ ያከራያል። እኔ ግን ስልኬ ላይ የካሊፎርኒያ ልጆች የሠሩትን አየሁና ተበላሸሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ የነበሩ ጎረምሶች ናቸው። አሮጌ ፎርድ በርካሽ ይገዛሉ። ክብደት እንዲቀንስ ፓራፋንጎውን፣ ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ይነቅላሉ፣ ጣሪያውን ቆርጠው ዝቅ ያደርጋሉ፣ የጎደለውን ብረት ራሳቸው ቀጥቅጠው ይሠራሉ፣ ከዚያ በደረቀ ሐይቅ ላይ ይሽቀዳደማሉ። ሆት ሮድ ይሉታል። አብዝተው የሚያሞግሱት የ1932ቱን ፎርድ ነው፤ ስምንት ሲሊንደር፣ 65 የፈረስ ጉልበት። የእኔዋ አራት ሲሊንደርና 34 ፈረስ ናት። ከ34ቱም ግማሾቹ ለግጦሽ እንደወጡ የቀሩ ይመስለኛል።

ቮልስም ይሆናል ይላሉ። ስም ሳይቀር አውጥተውለታል፤ ቮልክስ ሮድ። አመንኩ።

ፓራፋንጎ መንቀል ቀላል ነው። በብሎን ነው የታሰረው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አራቱንም አወረድኩና ግድግዳ አስደግፌ፣ እንደ ጀግና ሻይ ጠጣሁ። ጠዋት ስነሳ መኪናዋ ዓይን የላትም። ለካ የቮልስ የፊት መብራት የተተከለው ፓራፋንጎው ላይ ነው! ሽቦውን የቆረጥኩት እኮ እኔው ነኝ። ምን እየቆረጥኩ እንደመሰለኝ እግዜር ይወቅ።

ስለዚህ የመብራት ቤት መሥራት ግድ ሆነ። ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ብረት፣ ሁለት፣ መንትያ። መዘዙ ሁሉ የመጣው "መንትያ" ከምትለው ቃል ነው።

ባትላሜራ፣ ማለትም ላሜራ ቀጥቅጦ ቅርጽ ማስያዝ፣ ልሞክር ተነሳሁ። ባትላሜራ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ቶርኖ። ጣሊያን ኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ቃላቱን በሙሉ ትቶልን ሄደ። መዶሻውን ግን ይዞት ሳይሄድ አልቀረም፤ እኔ ፈልጌ አጣሁታ። የእንጨት መዶሻ ከባህር ዛፍ ጠረብኩ። ችግሩ ጉድጓዱ ነው። ላሜራ ጎድጓዳ የሚሆነው የእንጨት ጉድጓድ ላይ ሲቀጠቀጥ ነው። ክብ ትቆርጣለህ፣ ከጠርዙ ትጀምራለህ፣ እያዞርክ ወደ መሀል ትገባለህ። ጠርዙ እንደ ቀሚስ ይሸበሸባል፤ ሽብሽቡን ቀስ ብለህ ትመታዋለህ። ብረት በተመታ ቁጥር ይደርቃል፤ ሳይሰነጠቅ ፍም ላይ አግለህ ታቀዘቅዘውና እንደገና ትጀምራለህ።

ቤታችን ውስጥ ደግሞ ልክ የሆነ አንድ የእንጨት ጉድጓድ አለ። የእማዬ ሙቀጫ።

ግራውን መብራት በአራት ቀን ጨረስኩት። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም። ጭኔ ላይ አስቀምጬ እንደ አራስ ልጅ አየሁት። በአምስተኛው ቀን እንግዳ መጣና ወጥ ቀረበ። ከእንግዶቹ አንዱ ማኘኩን ቆም አድርጎ "ይሄ ቅመም ምንድን ነው? ጠንከር ይላል" አለ። እማዬ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ወደ እኔ ብቻ አየች። በማግስቱ ሙቀጫው ጓዳ ገብቶ ተቆለፈበት።

እስኪ ፍረዱ። ግማሽ ሥራ ላይ ያለ ሰው መሣሪያ ይቀማል? አንድ ሳምንት ብትታገሠኝ ምን ነበረበት? ደግሞ ብረት ለደም ጥሩ ነው የምትለው እሷው ራሷ ናት።

ቀኙን ጆንያ ውስጥ አሸዋ ሞልቼ በዚያ ላይ ቀጠቀጥኩት። አሸዋ እንደ ሙቀጫ አይደለም፤ ሲመቱት ይሸሻል። ግራው ጠለቅ ያለ፣ ቀኙ ጠፍጠፍ ያለ ሆነ፤ ጠርዙም ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ብየዳ ላይ ይስተካከላል ብዬ ወሰድኩት።

ብየዳ ቤቱን ስም አልጠራም። ሁሉም አንድ ናቸው። "ነገ ና።" ነገ ሄድኩ። "ነገ ና።" አሥራ አንድ ቀን ነገ ሄድኩ። በአሥራ ሁለተኛው መያዝ ሲጀምር መብራት ጠፋ። "ባለበት ይሁን፣ ዋናው መያዙ ነው" አለኝ። ባለበት ሆነ። የቀረውን ማርሚታ መሳይ የጭስ ማውጫ ቱቦ ደግሞ ቤት ውስጥ በውሰት ብየዳ ራሴ ሠራሁት። የሰፈሩ መብራት ያን ማታ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ በጠፋ ቁጥር ጎረቤት ሁሉ "የዚያ ልጅ ብየዳ ነው" ይላል። መብራት እኮ እኔ ሳልወለድም ይጠፋ ነበር! የጭንብሉን ወጪ ቆጥቤ በጥቁር መነጽር ስለበየድኩም ዓይኔን መታኝ። አንዱ አበጠ፣ ሌላው ያለቅሳል። ይህቺን ያዙልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጉዞ፣ እሑድ ጠዋት፣ ሐምሌ። ከማራኪ ወደ ፒያሳ። የካሊፎርኒያ ልጆች ፓራፋንጎ የነቀሉት በደረቀ ሐይቅ ላይ ሊሄዱ ነው፤ የጎንደርን ሐምሌ አላዩም። የፊት ጎማዎቹ ጭቃውን እያፈሱ ያመጡልኛል። መስታወት ገና አልገጠምኩም። ጃንተከል ዋርካ ስደርስ ፊቴ ተለቅልቋል። አህያ የሚነዱ ሰዎች መንገዱን ስለዘጉት ቆምኩ። ሞተሩ ግን አልቆመም፤ ያ ቱቦ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ድምፁ ጥይት ነው።

አንዲት እናት ከቅዳሴ ሲመለሱ አዩን። መኪናዋን አዩ። እኔን አዩ። እንደገና መኪናዋን አዩ። ግራ ዓይኗ መንገዱን ያያል፣ ቀኟ ወደ ጎሃ ተራራ አንጋጣለች። እሳቸውም ዞር ብለው ወደ ጎሃ አዩ፤ ምን አለ ብለው መሰለኝ። ከዚያ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጠጋ አሉና፣

"የኔ ልጅ፣ ጸበል ተሞክሯል?"

"ገና ነው" አልኩ።

ለምን "ገና ነው" አልኩ? አሁንም አልገባኝም። "ምን ሆኜ?" ይባላል። "መኪና ናት እኮ" ይባላል። እኔ እንደ ታዛዥ በሽተኛ "ገና ነው" አልኩ።

የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። 10 ብር አውጥተው በመስኮቱ አስገቡና መሪው ላይ አስቀመጡልኝ። "ለጧፍ ትሁን" አሉኝ። የእናት እጅ አይመለስም፤ ተቀበልኩ። ከኋላ ያለው ባለ ባጃጅ በሳቅ ሞተሩን አጠፋ። ሊስትሮዎቹ ቆመው አጨበጨቡ። እሳቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈን አድርገው እጃቸውን ዘረጉ፤ "እግዜር ይማ…" ሲሉ፣ ከድንጋጤዬ ቤንዚን ረገጥኩ።

ጠጠጠጠጠጠ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት ቱቦዬ ዋጣቸው።

ይማራት ከሆነ፣ የታመመችው መኪናዋ ናት። እኔ አስታማሚ ነኝ፤ አስታማሚ ደግሞ ክብር አለው። ነገር ግን የስምንት ወር ሥራዬን በሽተኛ ብለውታል ማለት ነው። ይማርህ ከሆነ፣ መኪናዋ ደህና ናት፤ እኔ ነኝ የጠፋሁት። ዓይኔ አብጧል፣ ፊቴ ጭቃ ነው፣ ብቻዬን ጥይት እየተኮስኩ ከተማ መሀል ቆሜአለሁ። እውነት ለመናገር ማስረጃው ወደ እኔ ያደላል።

ወንድሜን አማከርኩት። "ይማረውም ሊሆን ይችላል፤ መኪናን ወንድ የሚያደርጉ አሉ" ብሎ ሦስተኛ ጨመረልኝ። ፀጉር አስተካካዬ በበኩሉ "ይማረን ይሆናል" አለ፣ ምላጩን እንደያዘ። መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። "ት" ሲባል ምላስ ጥርስ ይነካል፣ "ህ" ሲባል ትንፋሽ ብቻ ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ አፋቸው ተሸፍኗል! ዓይናቸውን ለማስታወስ ብዬ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድረስ ሄድኩ። በድሮው ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሳላል፣ ክፉ ሰው በጎኑ በአንድ ዓይን። እንደ መኪናዬ አንድ ዓይኑ መንገድ፣ አንድ ዓይኑ ሰማይ የሚያይ አንድም አልተሳለም። ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት ሁሉም ቀጥ ብለው እኔን ያዩኛል። ቶሎ ወጣሁ።

10 ብሯን መንካት አልቻልኩም። ለጧፍ የተሰጠ ገንዘብ ብሎን አይገዛም። አንድ ቀን ዳዶ ጎድሎኝ እጄ ወደ እሷ ሄዶ ነበር፤ ተመለሰ። በመጨረሻ እማዬን "ጧፍ አብሪልኝ" ብዬ ሰጠኋት። "በማን ስም?" አለችኝ። ይሄው ጥያቄ እዚህም ጠበቀኝ። ደግሞ የሚገርመው፣ መኪናዋ ባለ 6 ቮልት ስለሆነች ማታ ሁለቱም መብራቶቿ የሚያበሩት ልክ እንደ ጧፍ ነው። ሴትዮዋ ይህን በምን አወቁ?

ከዚያ ማርሚታ ሠራሁ። እውነተኛ ማርሚታ፤ ወንፊት ቱቦ በውስጡ ያለው፣ ዙሪያው በላሜራ የተጠቀለለ። ትራፊክ ፈርቼ አይደለም፣ ለጎረቤትም አዝኜ አይደለም። እንድሰማ ነው። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ የዚህች መኪና የተስተካከለ ነገር እሱ ብቻ ነው። የቀኙን መብራት ግን አልነካሁትም። ሙቀጫው አሁንም እንደተቆለፈበት ነው።

ባለፈው እሑድ ፊቴን ታጥቤ፣ ዓይኔም ድኖ፣ ጃንተከል ሥር ጠበቅኳቸው። ቅዳሴ ወጣ። መጡ። ገና ከሩቅ ለይተውናል። ሞተሩ እንደ ድመት ነው የሚያንኮራፋው፤ የነጠላቸው ኮሽታ ሳይቀር ይሰማኛል። መዳፋቸውን ኮፋኖው ላይ አሳረፉ፤ የልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ግንባሯ ቀዝቃዛ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደስ አላቸው። ልቤ መምታት ጀመረ። "ራት ነው!" ልል ስል ቀና ብለው እኔንም አዩኝ።

"እንዴት ነው የኔ ልጅ፣ ተሻላችሁ?"

"ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳቸው።