ስምንት ወንበር

ቶኪዮ ውስጥ ጥሩ ምግብ ቤት ስፈልግ መጀመሪያ የምቆጥረው ወንበር ነው። ከአስር በታች ከሆነ ደስ ይለኛል። ሃያ ከሞላ ምንም ቢያብለጨልጭ ብዙም አይስበኝም። ይሄን ስናገር ሰው ጠባብ ቦታ የምወድ ይመስለዋል። ጠባብ ቦታ ማን ይወዳል? ጉልበቴ ባንኮኒው ስር አይገባም፣ ቦርሳዬን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ሶስት ሰው ማስነሳት አለብኝ። ግን እዚያ የሚበላው ምግብም የሚኖረው ጨዋታም ሌላ ነው፣ ምክንያቱም ያው ጥበቱ ነው።

ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ ክፍል ናት። ረጅም የእንጨት ባንኮኒ አለ፣ ከፊቱ ስምንት ወይ ዘጠኝ ወንበር፣ ከኋላው አንድ ሰው። ባለቤቱ እሱ ነው። የሚያበስለው፣ ቢራ የሚቀዳው፣ ሳህን የሚያጥበው፣ ሂሳብ የሚቀበለውም እሱ ነው። አንዳንዴ ሚስቱ ወይም አንድ ተለማማጅ ልጅ ያግዘዋል። ጠረጴዛ ካለ አንድ ነው፣ እሱም ላይ ብዙ ጊዜ የአትክልት ካርቶን ተቆልሏል። በሩ ላይ ኖረን የሚባለው አጭር መጋረጃ ከተሰቀለ ቤቱ ክፍት ነው፣ ከወረደ ተዘግቷል። ከውጭ ሆናችሁ ውስጡን ማየት አትችሉም። ብዙዎቹ ደግሞ መንገድ ዳር አይደሉም፤ ምድር ቤት ወይም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በየወለሉ አንድ አንድ ቢዝነስ በተጠቀጠቀበት ቀጭን ህንፃ ውስጥ ተወሽቀዋል። የከተማውን እንግዳ የሚያስፈራው ይሄ ነው። ማን እንዳለ፣ ስንት እንደሚያስከፍል ሳታውቁ ነው የምትገቡት።

ጥበቱ ለውበት ተብሎ የመጣ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቶኪዮ በቦምብ ነዳ ነበር፣ ምግብም በራሽን ነበር። በትልልቆቹ ባቡር ጣቢያዎች ዙሪያ ጥቁር ገበያ ፈላ። ቦታ ያገኘ ሰው ጣውላ ዘርግቶ ያገኘውን ይጠብሳል፣ ይሸጣል። ከሺንጁኩ ጣቢያ በስተምዕራብ ያለው ኦሞይዴ ዮኮቾ የዚያ ገበያ ቅሪት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 እሳት ተነስቶ ከፊሉን በልቶታል፣ ግን እንደገና ተሠርቶ ጭሱ እስከ ዛሬ አልበረደም። ከጣቢያው በስተምሥራቅ ካቡኪቾ ውስጥ ደግሞ ጎልደን ጋይ አለ። ስድስት ቀጫጭን መተላለፊያ ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በደንብ አያሳልፍም፣ እዚያ ውስጥ ከ200 በላይ ትንንሽ ባሮች ተሰግስገዋል። በ1980ዎቹ የቶኪዮ መሬት ዋጋ ጣሪያ ሲነካ፣ አሮጌ ሰፈሮችን አስለቅቆ ለመሸጥ ሲባል እሳት የሚለኩሱ ወሮበሎች ነበሩ። ጎልደን ጋይን የሚወዱ ሰዎች ማታ ማታ በተራ እየጠበቁ አተረፉት። ዛሬ አስጎብኚዎች ይህን ሰፈር "ቆንጆ" ሲሉት ትንሽ ይቆጨኛል። ቆንጆነቱ አይደለም ያቆየው፣ እንቅልፍ ያጡለት ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ሂሳቡ ልምጣ፣ ምክንያቱም ስለነዚህ ቤቶች የሚባለው ነገር ሁሉ ከሂሳብ ነው የሚጀምረው።

አንድ ምሽት ኤቢሱ አካባቢ አንዲት ትንሽ ኢዛካያ በር ከፈትኩ። ኢዛካያ ማለት እየጠጡ ትንሽ ትንሽ የሚበላበት ቤት ነው። ባንኮኒው ላይ ሁለት ወንበር ባዶ አለ። ከኋላ የቆሙት ትልቅ ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝና ሁለት ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አቆላለፉ። የለም ማለት ነው። ወንበሩን በዓይኔ አሳየኋቸው። ፈገግ ብለው በድጋሚ አቆላለፉት። ደጅ ሲጋራ የሚያጨስ ደንበኛቸው ነው ነገሩን ያስረዳኝ፤ "ማማ ብቻቸውን ናቸው፣ አሁን ስድስት ትዕዛዝ እጃቸው ላይ አለ፣ ቢያስገቡህ አርባ ደቂቃ ታፈጥባቸዋለህ" አለ። ባዶ ወንበር ማለት ባዶ ቦታ ማለት አይደለም እዚያ። ቤቱ የሚሞላው ወንበሩ ሲያልቅ ሳይሆን የሴትዮዋ ሁለት እጅ ሲያልቅ ነው።

ይህ ከገባችሁ ሰው "ጃፓኖች ግትር ናቸው" እያለ የሚያማርርበት ደንብ ሁሉ ይገባችኋል። ለምን በሰዓቱ ካልመጣችሁ ይቆጣሉ? ስምንት ሰው እኩል ተቀምጦ እኩል የሚበላበት የሱሺ (ሩዝ ላይ ዓሣ የተቀመጠበት ምግብ) ቤት ውስጥ የአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ የሰባቱን እራት ያዛባል። ለምን አስይዞ የቀረ ሰው ላይ ሙሉ ዋጋ ይጥላሉ? ባለቤቱ ጠዋት ዓሣ የገዛው ለስምንት ሰው ቆጥሮ ነው፣ ሁለት ሰው ቀረ ማለት የቀኑ ገቢ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ለምን አምስት ሆናችሁ ስትመጡ አይቀበሏችሁም? አምስት ሰው እርስ በርሱ ሲያወራ የቀሩት ሶስቱ የሌላ ሰው ግብዣ ላይ የገቡ ይመስላቸዋል። እኔ ይህን ግትርነት አልለውም። ትልቅ ቤት ጥፋታችንን ስለሚሸከምልን አናየውም እንጂ።

ብዙ ሰው የሚጣላበት ደግሞ ኦቶሺ ነው። ኢዛካያ ገብታችሁ መጠጥ ስታዙ ያላዘዛችሁት ትንሽ ሳህን ይመጣል፤ የተቀቀለ ዱባ፣ በኮምጣጤ የተለወሰ ኪያር፣ ወይ ትንሽ ዓሣ። ሂሳብ ላይ 300 ወይም 500 የን ሆኖ ይገባል። "ያላዘዝኩትን ለምን እከፍላለሁ?" የሚል እንግዳ አይጠፋም። የወንበር ኪራይ በሉት። ቲፕ የሚባል ነገር በሌለበት አገር (ጠረጴዛ ላይ ሳንቲም ትታችሁ ብትወጡ ረሳችሁት ብለው ተከትለው ይሮጣሉ) ይህ ከብዙ ነገር ይሻላል። እኔ እንዲያውም ቤቱን የምመዝነው በእሱ ነው። ኦቶሺው በጥንቃቄ የተሠራ ከሆነ እቀመጣለሁ። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ እንዲሁ የተጣለ ከሆነ አንድ ቢራ ጠጥቼ ውልቅ እላለሁ።

ምርጫ ስጡኝ ብትሉኝ ያኪቶሪ ቤት ነው የምሄደው። ዶሮ በቀርከሃ ስንጥር ላይ ተሰክቶ በከሰል የሚጠበስበት ማለት ነው። እዚያ ፊት ለፊት መቀመጥ መቻል አለባችሁ፣ ጀርባ ላይ ከሆናችሁ ግማሹን ምግብ አልበላችሁትም። ጥሩዎቹ ቤቶች የሚያነዱት ቢንቾታን የሚባል ከሰል ነው፤ ከጠንካራ የኦክ ዛፍ ይሠራል፣ ታዋቂው ከዋካያማ ይመጣል፣ ሁለቱን ስታጋጩት እንደ ብረት ይጮኻል። ነበልባልም ጭስም እምብዛም የለውም፣ ግለቱ ግን ኃይለኛ ነው። ጠባሹ ስንጥሮቹን ጠርዝ ለጠርዝ ደርድሮ፣ በግራ እጁ ማራገቢያ ይዞ፣ በቀኙ ያገላብጣል። ስብ ከሰሉ ላይ ጠብ ሲል ብቻ ጭስ ይነሳል፣ ወዲያው በማራገቢያው ያባርረዋል፣ ወይም ሆን ብሎ ሥጋው ላይ ይተወዋል። ያንን ነው የምትከፍሉበት። አንድ ጊዜ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው የታዘዘውን ፈረሰኛ በዓይኑ ሲከተል አይቼ እኔም ተከተልኩ። ጠባሹ ስንጥሩን አነሳው፣ ጫፉን በጣቱ ነካ አደረገው፣ መለሰው። አነሳው፣ መለሰው። ከዚያ ጨው በሁለት ጣቱ ከላይ በትኖ ሰጠው። ከማንሳት እስከ መብላት አስር ሰከንድ አልፈጀም።

ከዶሮው የሚጣል ነገር የለም። ፈረሰኛ፣ ልብ፣ ጉበት፣ ቆዳ፣ የአንገት ሥጋ፣ የደረት ለስላሳ አጥንት፣ ጅራቱ ሥር ያለችው ስብ የሞላባት ነገር፣ ሁሉም ለብቻው ይታዘዛል። ጨው ወይስ ታሬ ይሏችኋል። ታሬው በሶያ ሶስ የተሠራ ጣፋጭ ስጎ ነው፣ አሮጌ ቤቶች ማሰሮውን ሙሉ በሙሉ ሳያወጡ በላዩ እየጨመሩ ለዓመታት ያቆዩታል። ጉበት በታሬ፣ ፈረሰኛና ቆዳ በጨው። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፣ ባትስማሙም ቅር አይለኝም። ሥጋውን ከስንጥሩ አውጥታችሁ ሳህን ላይ ለመካፈል ግን አትሞክሩ። የተሰካው ለራሱ ምክንያት ነው፣ ሲፈታ ወዲያው ይቀዘቅዛል።

ስለ ሱሺ ሳላወራ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። የቶኪዮ ሱሺ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከተማዋ ኤዶ በምትባልበት ጊዜ ጎዳና ላይ ቆመው የሚበሉት ፈጣን ምግብ ነበር። ዛሬ ጊንዛ ውስጥ አንድ እራት ከ30,000 የን በላይ የሚያስከፍሉ ቤቶች ሞልተዋል። እዚያ ኦማካሴ ነው፣ ምርጫው የጌታው (የዋናው ሱሺ ሠሪ) ነው፣ እናንተ የመጣላችሁን ትበላላችሁ። ሩዙ ለብ ያለ ነው፣ የሰው ገላ ያህል ሙቀት አለው፣ ዓሣው ከላይ ቀዝቀዝ ይላል፣ ጌታው ሶያውን ራሱ በብሩሽ ይቀባዋል። ስለዚህ ሳህናችሁ ላይ ሲያርፍ ወዲያው መብላት ነው። በእጅ መብላት ነውር አይደለም። ሽቶ ተቀብቶ መሄድ ግን ነውር ነው፣ ስምንት ሰው በተቀመጠበት ክፍል የእናንተ ሽቶ የሁሉም እራት ውስጥ ይገባል።

ከነዚህ ቤቶች ስሙ የገነነው ሱኪያባሺ ጂሮ አስር ወንበር ብቻ ነው ያለው፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ጊንዛ ባቡር ጣቢያ አጠገብ። በ2014 ባራክ ኦባማን ከጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ጋር ያበሉት እዚያ ነው። ሚሽሊን ከሚባለው የምግብ ቤቶች መመዘኛ መጽሐፍ ሶስት ኮከብ ለዓመታት ይዞ ቆይቶ በ2019 ከመጽሐፉ ወጣ። ምግቡ ስለወረደ አይደለም። ማንም ተራ ሰው ደውሎ ቦታ መያዝ ስለማይችል ነው። እኔ እንደዚያ ዓይነት ቤት ውስጥ ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ያህል ይጨንቀኛል፣ ምራቄን ስውጥ ራሱ የሚሰማ ይመስለኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ብዙ ጥሩ የሱሺ ቤቶች ከእራታቸው በጣም ባነሰ ዋጋ ያበላሉ። እሱ ይበቃኛል።

ራመን (ሾርባ ውስጥ የሚቀርብ ኑድል) ቤቶች ደግሞ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ናቸው። በር ላይ ካለ ማሽን ቲኬት ትገዛላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፣ ትበላላችሁ፣ ትነሳላችሁ፣ አለቀ። ወሬ የለም። ግን ትንሽነት ምን ያህል እንደሚጎዳ እዚያ ነው የሚታየው። በጁላይ 2024 ጃፓን አዲስ የገንዘብ ኖት ስታወጣ ብዙ ማሽኖች አዲሱን አልቀበል አሉ። ማሽን መቀየር ለሰንሰለት ድርጅት ምንም አይደለም። አንድ ሳህን ከ1,000 የን በላይ ከሸጥኩ ደንበኛ ይሸሻል ብሎ ለሚፈራ ባለ ሰባት ወንበር ሰው ግን ብዙ ሳህን ራመን ነው።

ማታው ሲገፋ ግን የምወደው ወሬውን ነው። ክርናችሁ ከጎረቤት ክርን ጋር ስለሚነካካ ዝም ማለት ራሱ ይከብዳል። መደርደሪያው ላይ አንገታቸው ላይ ስም የተንጠለጠለባቸው የውስኪና የሾቹ (የጃፓን አረቄ) ጠርሙሶች ታያላችሁ፤ የደንበኞች ናቸው፣ ሙሉ ጠርሙስ ገዝተው እዚያው እያስቀመጡ በየጊዜው ይጠጡታል። ባለቤቱ ወንድ ከሆነ ማስተር፣ ሴት ከሆኑ ማማ ይባላሉ፣ ሥራቸው ግማሹ ማብሰል ነው፣ ግማሹ ሰው ማስተዋወቅ። "ይሄ ሰውዬ እኮ እንዳንተ ብስክሌት ይወዳል" ብለው ይጀምሩላችኋል፣ ከዚያ ወደ ምጣዳቸው ይመለሳሉ። ከኤፕሪል 2020 ወዲህ ምግብ ቤት ውስጥ ማጨስ ባብዛኛው ተከልክሏል። ሠራተኛ ሳይቀጥሩ ብቻቸውን የሚሠሩ ትንንሽ ቤቶች ግን መፍቀድ ስለሚችሉ አንዳንዶቹ አሁንም ጭስ በጭስ ናቸው። ካልተመቻችሁ በር ላይ የተለጠፈውን እዩ።

የሚያናድደኝ ካሜራ ነው። ጠባብ ቤት ውስጥ ቪዲዮ ስትቀርጹ የማትቀርጹት ሰው የለም። ከሥራ አምልጦ አንድ ብርጭቆ ሊጠጣ የገባው ሰውዬም ይገባል። ምግቡን አንድ ፎቶ አንሱ፣ መጀመሪያ ግን ጠይቁ።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ገና ኖረኑ ሲሰቀል፣ ያላስያዘ ሰው እንኳን ቦታ ያገኛል። ካርድ የማይቀበሉ አሉ፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ባቡሩ እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሚቆም ሰዓታችሁን አትርሱ፣ የቶኪዮ ታክሲ ከእራቱ ይበልጣል። ሂሳብ ከፍላችሁ ስትወጡ "ጎቺሶሳማ" በሉ፣ አበላሉ ግሩም ነበር እንደማለት ነው፣ እጅ እያጠቡም ቢሆን ቀና ብለው ይመልሱላችኋል። ክንድ ካቆላለፉባችሁም አትቀየሙ፣ ሁለት በር አልፎ ሌላ አለ። በሩ እምቢ ካላችሁ ደግሞ አትግፉት፣ ወደ ጎን ነው የሚሳበው።