በኮሪደሩ በር ጀርባ የነበረው ድብድብ

የድምፅ ገለጻ የሚባለው ሥራ ማየት ለተሳነው ተመልካች የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በተዋናዮቹ ንግግር መካከል በሚገኘው ክፍተት እየገባ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን በአጭሩ የሚናገር ድምፅ ነው። እኔ በምሠራበት ድርጅት አዲስ ጸሐፊ በተቀጠረ ቁጥር ለልምምድ የሚሰጠው «ዴርዴቪል» የተሰኘው የልዕለ ጀግና ድራማ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ይህ ክፍል የተመረጠበት አንዱ ምክንያት በውስጡ ያለው የኮሪደር ድብድብ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ድራማው ራሱ ከሙያችን ጋር ያለው ታሪክ ነው።

የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ ማት ሙርዶክ በልጅነቱ በኬሚካል አደጋ ዓይኑን ያጣ፣ ቀን ቀን በጥብቅና የሚሠራ፣ ሌሊት ደግሞ ጭምብል አጥልቆ ኒው ዮርክ ውስጥ ሄልስ ኪችን በሚባለው ሰፈር ከወንጀለኞች ጋር የሚፋለም ሰው ነው። ስታን ሊ እና ቢል ኤቨረት በፈጠሩት የሥዕል መጽሔት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር። ኔትፍሊክስ በቻርሊ ኮክስ ተዋናይነት የተሠራውን ድራማ፣ አሥራ ሦስቱንም የመጀመሪያ ምዕራፍ ክፍሎች በአንድ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 2015 ሲለቅ የድምፅ ገለጻ አልነበረውም። ዋና ገጸ ባሕርዩ ዓይነ ስውር የሆነን ድራማ ዓይነ ስውራን እንደ ሌላው ሰው ሊከታተሉት አለመቻላቸው ቅሬታ አስነሣ፤ ኩባንያው ከአራት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 14፣ ከዚሁ ድራማ ጀምሮ ለሥራዎቹ የድምፅ ገለጻ እንደሚጨምር አስታወቀ። ኩባንያውን የሚያህል ተቋም ይህን ነገር አስቀድሞ አለማሰቡ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ይሁን እንጂ ስሕተቱን ያረመበት ፍጥነት የሚነቀፍ አልነበረም።

የሁለተኛው ክፍል ታሪክ ቀላል ነው። ሙርዶክ ክፉኛ ቆስሎ በቆሻሻ መጣያ ገንዳ ውስጥ ይገኝና ክሌር ቴምፕል የተባለች ነርስ ቤቷ አስገብታ ታክመዋለች። የጎዱት ሩሲያውያን ወንበዴዎች አንድ ትንሽ ልጅ አግተዋልና፣ ገና በቅጡ ሳያገግም ልጁን ለማስለቀቅ ወደተያዘበት ሕንፃ ይሄዳል። ክፍሉ የሚደመደመው በዚያ ሕንፃ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ በሚካሄደው፣ ሦስት ደቂቃ ያህል በሚወስደው ድብድብ ነው። ዳይሬክተሩ ፊል አብርሃም ትዕይንቱን ሳያቋርጥ በአንድ ቀረጻ ነው የወሰደው፤ ካሜራው ኮሪደሩን ለቆ አይወጣም፣ ሰዎቹ ግን ግራና ቀኝ ባሉት በሮች እየገቡና እየወጡ ይደባደባሉ። በሮቹ ለቀረጻው ሌላም ጥቅም ነበራቸው፤ ኮክስና የእርሱን ቦታ ተክቶ የሚደባደበው የስታንት ባለሙያ ክሪስ ብሩስተር ከተመልካች ዓይን ሲሰወሩ ይቀያየራሉ።

ክፍሉ የተሰጠው ወጣት ጸሐፊ ትጉህ ነበር። ትዕይንቱን እየመለሰ በመመልከት እያንዳንዱን ቡጢ፣ እያንዳንዱን ርግጫ፣ ማን በየትኛው ጎኑ እንደወደቀ ሳይቀር ጻፈ። ጽሑፉ በንባብ ድምፅ ተቀርጾ ወደ ገምጋሚያችን ተላከ። ገምጋሚያችን ራሳቸው ዓይነ ስውር የሆኑ፣ ከማናችንም በላይ በሙያው የቆዩ ሰው ናቸው፤ በቢሮው ያለነው ሁላችንም «ጋሼ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ክፍሉን እስከ መጨረሻው ድረስ በዝምታ ካዳመጡ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ማናችንም ያልጠበቅነው ሆነ።

«ስንት ሰዎች ናቸው? እኔ ሃያ ያህል መስለውኝ ነበር።»

ጸሐፊው ሃያ እንደማይሞሉ ነገራቸው። ስሕተቱ ከጆሯቸው ሳይሆን ከጽሑፉ የመጣ ነበር። በዚያ ኮሪደር ውስጥ የወደቀ ሰው ወድቆ አይቀርም፤ እየተንገዳገደ ይነሣል፣ ተመልሶም ይገጥማል፤ ድብድቡን ከሌሎች የልዕለ ጀግና ድብድቦች የለየውም ይኸው ነው። ጽሑፉ ግን «አንዱን ይመታል፣ ሌላውን ይገፈትራል» እያለ ሲሄድ፣ የተነሣው ያው የቀድሞው ሰው መሆኑን ስላልተናገረ፣ እያንዳንዱ ምት አዲስ ጠላት ይዞ የመጣ አስመሰለው። የቡጢው ድምፅ ያለ ገለጻም ይሰማል፤ መሬት ላይ የነበረው ሰው መነሣቱን ግን ዓይን እንጂ ጆሮ አያውቀውም።

ቀጥለው ድምፁን ወደ መጨረሻው አካባቢ አስመለሱና፣ «እዚህ ቦታ አንድ ሰው ሲያለከልክ ይሰማኛል፤ ማነው?» ሲሉ ጠየቁ። በዚያ ቅጽበት ሙርዶክ ከድካሙና ከቁስሉ የተነሣ መቆም አቅቶት ግድግዳ ተደግፏል። ጸሐፊው ይህን አይቶታል፤ ሊጽፈውም ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን የቀደመው ምት ገለጻ ረዝሞ ቦታውን ስለበላበት ሳይናገረው አለፈ። እንደ እኔ አስተያየት የትዕይንቱ ልብ ይህ ነው፤ ጀግናው አሸንፎም ሊወድቅ የደረሰበት ጊዜ ነውና። በተደራረቡ ግሦች መካከል የጠፋውም ይኸው ሆነ።

ትልቁ ክርክር የተነሣው ግን በበሮቹ ምክንያት ነበር። ጽሑፉ በአንድ ቦታ ላይ፣ ሙርዶክ ወደ አንዱ ክፍል ገብቶ በውስጡ ያሉትን እንደደበደባቸው ይናገራል።

«ይህን አይተኸዋል?» አሉት።

«በዓይኔስ አላየሁም ጋሼ። ግን ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያም ሰውየው ተወርውሮ ሲወጣ ይታያል።»

«ድምፁን እኔም ሰምቻለሁ። አንተ ያላየኸውን ለእኔ የምታሳየኝ ለምንድነው?»

ጸሐፊው መልስ አላጣም። ተመልካቹ እንዳይደናገር በማሰብ እንደጨመረው አስረዳ፤ ይህም በሙያችን ዘንድ የሚያስነቅፍ ሐሳብ አይደለም። ጋሼ ግን አልተቀበሉትም። ዳይሬክተሩ በር በከለለው ጊዜ የሚያየውም የማያየውም ሰው እኩል እንደሚሆኑ፣ ሁለቱም ጆሯቸውን አቁመው ማን ተርፎ እንደሚወጣ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ እንደሌላቸው፣ በሦስቱ ደቂቃዎች ውስጥ እርሳቸው ከማንም ሳያንሱ ትዕይንቱን የሚከታተሉባቸው ጊዜያትም እነዚሁ እንደሆኑ ተናገሩ። ያንን ጉጉት በገለጻ መሙላት ስጦታ መስሎ የሚቀርብ ንጥቂያ ነው አሉ።

የክፍላችን ኃላፊ በዚህ አልተስማማችም። ሥጋቷ ተጨባጭ ነበር፤ ሥራውን የሚቀበለው ደንበኛ ናሙና እየወሰደ ይመረምራል፣ በድብድብ መካከል ረጅም ጊዜ ገለጻ ሳይሰማ ሲቀር ጽሑፍ የተዘለለ ይመስለዋል፣ ማስተካከያ እየተባለም ይመለሳል። «ዝምታውን ማን ያስረዳልናል?» አለች። ጋሼም፣ «ዝምታ የት አለ? ሰው ከሰው ጋር እየተጋጨ ነው እኮ!» ብለው መለሱላት። እኔ በዚያ ቀን ከኃላፊዋ ጋር የወገንኩት በሐሳቧ አምኜ ሳይሆን፣ የተመለሰ ሥራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ስለማውቅ ነው፤ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚወስኑትም በዚህ ዓይነቱ ሒሳብ ይመስለኛል።

በመጨረሻ የተስማማነው ጸሐፊው ስክሪኑን አጥፍቶ ትዕይንቱን በጆሮው ብቻ እንዲያዳምጥ፣ ግልጽ ያልሆነለትን ሁሉ በወረቀት እንዲይዝ፣ ከዚያም ስክሪኑን አብርቶ ለያዛቸው ጥያቄዎች ብቻ መልስ እንዲጽፍ ነበር። ሁለተኛው ጽሑፍ ከመጀመሪያው እጅግ አጠረ። ከቡጢዎቹ ብዙዎቹ ወጡ፤ የወደቁት ሰዎች መነሣት ገባ፤ ግድግዳው ገባ። በበሩ ወጥቶ አንዱን ወንበዴ የሚመታው ማይክሮዌቭ በሁለቱም ጽሑፎች ውስጥ ቦታ አገኘ፤ ጆሮ የሚሰማው የብረት መንኮታኮትን እንጂ የተወረወረው ዕቃ ምን እንደሆነ አይደለምና። ጋሼ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይስቃሉ።

ያልተፈታ አንድ ነገር ነበር። ትዕይንቱ ሳይቆራረጥ በአንድ ቀረጻ መወሰዱን መናገር አለብን ወይስ የለብንም? በሙያችን የተለመደው ስለ ካሜራ አለመናገር ነው፤ አድማጩን ከታሪኩ አውጥቶ ወደ ስቱዲዮው ይወስደዋል ተብሎ ይታሰባል። በሌላ በኩል፣ ዓይን ያለው ተመልካች ከዚህ ክፍል አስታውሶ የሚያወራው ስለዚሁ አለመቆራረጥ ነውና፣ አድማጩ ይህን ካላወቀ ከጓደኞቹ ጨዋታ ውጭ ይሆናል። ጸሐፊው «ከኮሪደሩ ሳንወጣ» የምትል ሐረግ አስገባ፤ ኃላፊዋ አወጣቻት፤ ጋሼ መለሷት። እኔ እንድትቀር ከሚፈልጉት ወገን ነኝ።

ልምምዱ ተጠናቆ ወጣቱ ወደ አምስተኛው ክፍል ሲሸጋገር ነገሩ ተገላበጠ። በዚያ ክፍል ውስጥ ክሌር ሙርዶክን ምን እንደሚታየው ትጠይቀዋለች፤ እርሱም ዓለም በእሳት እንደተያዘች ሆና እንደምትታየው ሲመልስላት ስክሪኑ ይቀየርና ተመልካቹ ለአጭር ጊዜ በእርሱ መንገድ ያያል፤ የክሌር ፊት በቀይ ነበልባል መካከል ይታያል። ማሳጠርን የተማረው ጸሐፊ «ፊቷ በእሳት ውስጥ ይታየዋል» ብሎ አለፈው። ጋሼ በዚህ ጊዜ ቃል እንዲጨመር አዘዙ። ዓይነ ስውሩ ጀግና የሚያየውን ዓይናማው ሁሉ ካየ በኋላ እርሳቸው ብቻ በአንድ መስመር ሊሸኙ እንደማይገባ ተናግረው፣ እሳቱ ፊቷን የከበበው ነው ወይስ ፊቷ ራሱ ከእሳት የተሠራ ነው ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው ምስሉን ደጋግሞ ተመለከተ፤ እኛም ወንበራችንን ስበን አብረነው ተመለከትን፤ ሁላችንም የተለያየ መልስ ሰጠን። ጋሼም ሁላችንን አዳምጠው ሲያበቁ፣ መልሱ ለሚያዩትም ግልጽ ካልሆነ እንዲሁ ግልጽ ሳይሆን ይጻፍልኝ አሉ። ለቀረጻ የሄደው ዓረፍተ ነገርም «ፊቷና እሳቱ የት ላይ እንደሚለያዩ አይታወቅም» የሚል ሆነ፤ ኃላፊዋም ሳትነካው አሳለፈችው።