የእጣን ጢስ በሦስት ቀለም

ዛሬ ፎቶ ላይ ኢፌክት መጨመር ቀላል ነው። ስልኩን ነካ ማድረግ ይበቃል። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ኢፌክት ግን የሚጀምረው ገና ከማንሳቱ ነው። የሚነሳው ነገር ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ጨርሶ አይታይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ባለቀለም ዲጂታል ፎቶ በውስጡ ሦስት ምስሎች አሉት፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ። ቻናል ይባላሉ። ካሜራውን ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አቁሜ ያንኑ ቦታ ሦስት ጊዜ አነሳለሁ። ከዚያ ቀዩን ቻናል ከመጀመሪያው፣ አረንጓዴውን ከሁለተኛው፣ ሰማያዊውን ከሦስተኛው ፎቶ ወስጄ አንድ ላይ አገጣጥማለሁ። ያልተነቃነቀው ሁሉ የራሱን ቀለም እንደያዘ ይቀራል። የተንቀሳቀሰው ግን በየቆመበት ቦታ ሌላ ቀለም ለብሶ ይወጣል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ የተነሱ የአንድ ጥብጣብ ፎቶዎችን ለንደን ውስጥ ስክሪን ላይ ደራርቦ በማብራት ቀለሙን አሳይቷል። ከ1909 እስከ 1915 ድረስ ደግሞ ሩሲያዊው ፎቶ አንሺ ሰርጌይ ፕሮኩዲን ጎርስኪ በዚሁ መንገድ የሩሲያን ግዛት እየዞረ አንስቷል። ሦስቱን ምስሎች የሚያነሳው ተራ በተራ ስለነበር፣ ወንዝ ሲፈስ ወይም ሰው ሲነቃነቅ ጠርዙ ላይ ያልታሰበ ቀለም ይፈጠር ነበር። ለእሱ እንከን የነበረው ለእኔ ዋናው ነገር ሆነ። ምስሎቹ ያረፉባቸውን መስታወቶች በ1948 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገዝቷቸዋል፤ ምስሎቹ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። ውሃ ያለባቸውን አጉልታችሁ እዩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ከእንጦጦ በላይ በሚያልፍ ደመና ነው። ጥሩ ነበር። ግን ለዚህ ሥራ ከእጣን የሚበልጥ አላገኘሁም።

እናቴ ቡና ስታፈላ ማጨሻውን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ከኋላ ጥቁር ጨርቅ ሰቀልኩ። ብርሃኑ ከጎን፣ ትንሽም ከኋላ መምጣት አለበት። ፊት ለፊት የመታው ጢስ ይደበዝዛል፤ ከጎን የመታው ግን ክሩ ሳይቀር ይታያል። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/250 ሰከንድ፣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 800 አድርጌ በአንድ ሰከንድ ልዩነት አነሳሁ። “እማዬ፣ ትንሽ ብቻ አትነቃነቂ” አልኳት። “ቡናው ሊገነፍል ነው እኮ ልጄ፣ ቶሎ በል” አለችኝ።

ሳገጣጥመው ጀበናውና ረከቦቱ እንደነበሩ ናቸው። ጢሱ ግን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ቀዩና አረንጓዴው የተገናኙበት ቢጫ ነው። ሦስቱም የተደራረቡበት ነጭ ነው። ከማጨሻው አፍ ላይ ነጭ የሆነው ለዚህ ነው፤ እዚያ ጢሱ ገና አልተበተነም። ይህን ቀለም የሰጠው የጢሱ የራሱ ጉዞ ነው። ከላይ ከሚለጠፍ ፊልተር የምለየውም በዚህ ነው።

ጨለማ ነገር በደማቅ ጀርባ ላይ ሲሆን ሁሉም ይገለበጣል። ጥቁር የለበሰ ሰው በነጭ ግድግዳ ፊት ቢያልፍ የመጀመሪያው ምስሉ ሲያን (አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ)፣ ሁለተኛው ማጀንታ (ሐምራዊ መሳይ ሮዝ)፣ ሦስተኛው ቢጫ ይሆናል። እሱ የቆመበት ቦታ ላይ አንዱ ቻናል ስለሚጎድል ነው። ጢስና ፏፏቴ ስፈልግ ጥቁር ጀርባ፣ መንገደኛ ስፈልግ ነጭ ግድግዳ የምመርጠው ለዚህ ነው።

ካሜራው ላይ ሁሉም ነገር ማኑዋል (በእጅ የሚስተካከል) ይሁን፤ ኤክስፖዠሩም (የብርሃን መጠኑ)፣ ፎከሱም፣ ዋይት ባላንሱም (የነጭ ቀለም ሚዛኑ)። አውቶ ከሆነ ካሜራው ከሦስቱ አንዱን ሊያደምቀው ይችላል። ያኔ ግድግዳው ሳይቀር ቀለም ይነካዋል። ሹተሩን በጣት ከመጫን ሰልፍ ታይመር (ካሜራው ራሱ ቆጥሮ እንዲያነሳ ማድረግ) ይሻላል። ደመና ሲሆን በየመሃሉ አንድ ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በጣም ካረዘምኩት የሕንፃ ጥላም ስለሚሄድ ጠርዙ ላይ ቀለም ይመጣል። ቤት ውስጥ የመስኮት ብርሃን እመርጣለሁ። ቢጫ አምፖል ሰማያዊ ብርሃኑ ጥቂት ስለሆነ በዚያ ቻናል ላይ ኖይዝ የሚሉት ነጠብጣብ ይበዛል።

ኤዲቱ አጭር ነው። ፎቶሾፕ ላይ ሦስቱን ሌየር (ንብርብር) አድርጌ፣ የመጀመሪያውን ከላይ፣ ሦስተኛውን ከታች እደራርባለሁ። ብሌንዲንግ ኦፕሽንስ በሚለው ምርጫ ውስጥ አር (ቀይ)፣ ጂ (አረንጓዴ)፣ ቢ (ሰማያዊ) የሚሉ ሳጥኖች አሉ። ለላይኛው አርን ብቻ፣ ለመካከለኛው ጂን ብቻ ምልክት እንዳለበት ትቼ ሌሎቹን አጠፋለሁ፤ የታችኛውን አልነካውም። ነፃ የሆነው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ጂምፕም ፎቶን ወደ ቻናል የሚበትን፣ መልሶም የሚያገጣጥም ትእዛዝ አለው። ብርሃን ማስተካከል ካስፈለገ ከመደራረቡ በፊት ለሦስቱም እኩል ይሁን።

ብዙ ሰው የማይሞክረው ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። ሦስቱን ፎቶዎች በ6 ዓይነት መንገድ መደርደር ይቻላል፤ ውጤቱም በጣም ይለያያል። ዓይናችን ድምቀትን በብዛት የሚያነበው ከአረንጓዴ ነው። ስለዚህ ቅርጹ ያማረውን ጢስ አረንጓዴው ላይ አደርገዋለሁ፤ ሰማያዊው ላይ ደካማውን። ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) አልጨምርም፣ ቀለሙ ራሱ በቂ ነው።

ትሪፖድ የሌለው ስልኩን በመጽሐፍ ደግፎ፣ ስክሪኑን ተጭኖ በመቆየት ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፎ፣ በታይመር ማንሳት ይችላል። ለእጣን ጢስ ይህ ይበቃል።