«ፋይን»ን ስተረጉም የተማርኩት

አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ቢኖር ኖሮ ስንት ገጽ ከእርማት ይተርፍልኝ ነበር። «ፋይን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል ብዙ ሰው የሚያውቀው «ጥሩ» በሚለው ፍቺ ብቻ ነው፤ ጣጣውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቀላል ቀላሉን ላሳልፍ። ስለ አየር ሲነገር ብራ፣ ስለ ጤና ሲነገር ደህና፣ ስለ ክር ሲነገር ቀጭን፣ ስለ ዱቄት ሲነገር የላመ ነው። ለወርቅ ሲሆን ንጥር ማለት ነው፤ 750 የሚል ማኅተም ያለበት ወርቅ ከ1,000 እጅ 750ው ንጹሕ ነው፣ ማለትም 18 ካራት።

ያበሳጨኝ «ፋይን ሞተር ስኪልስ» ነው። ስለ ሕፃናት እድገት በሚናገር ጽሑፍ ላይ «ጥሩ የሞተር ክህሎት» ብዬ ጻፍኩት፤ እስካሁን ይቆጨኛል። እዚህ ላይ «ሞተር» የሚባለው የጡንቻ እንቅስቃሴ ሲሆን «ፋይን» ደግሞ ጥቃቅን ማለት ነው፦ የልብስ ቁልፍ መቆለፍ፣ እርሳስ መያዝ፣ ዶቃ በክር መሰካት። «ጥሩ» ሲባል ወላጅ የሚያነበው ስለ ልጁ ጉብዝና ነው፤ ጽሑፉ የሚያወራው ግን ስለ ጣቶቹ ነው። አሁን «የእጅና የጣት ጥቃቅን እንቅስቃሴ» እላለሁ።

ስህተቱን የሚያጋልጠው ተቃራኒው ቃል ነው። ከጎኑ «ግሮስ ሞተር» የሚል ነበር፤ መሮጥና መዝለልን የመሰሉ የትልልቅ ጡንቻዎች እንቅስቃሴ። ተቃራኒው «መጥፎ» ከሆነ «ጥሩ» በሉት። «ግሮስ» (ትልልቅ) ወይም «ኮርስ» (ሻካራ፣ ያልላመ) ከሆነ ግን ደቃቅ፣ ጥቃቅን ወይም የላመ ነው። የአየር ብክለት ጽሑፍ ውስጥ «ፋይን ፓርቲክልስ» የሚባሉት ስፋታቸው 2.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ብናኞች ናቸው። «ጥሩ ቅንጣቶች» ከተባሉ፣ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባውን ብናኝ አንባቢው እንደማይጎዳ ይቆጥረዋል።

አንዳንድ የትርጉም መመሪያዎች «ለአንድ ቃል ሁልጊዜ አንድ አቻ» ይላሉ። ለመድኃኒት ስም ይሁን፤ ለዚህ ቅጽል ግን አልቀበለውም። አቻውን የሚወስነው ተከትሎት የሚመጣው ስም ነው።

በንግግር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ላግዝህ?» ለሚል ሰው «አይም ፋይን» ብሎ የመለሰ ሰው «ደህና ነኝ» እያለ አይደለም፤ «አይ፣ አያስፈልግም» እያለ ነው። ከክርክር በኋላ ብቻውን የመጣ «ፋይን» ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅር እያለው የተስማማ ሰው «እሺ፣ ይሁንልህ» ነው፤ እዚያ ላይ «ጥሩ» ካላችሁ ቅሬታው ይጠፋል።