ስልኬ ዝም ብሏል

ፈቃድ ከወጣሁ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ቡና አፍልቼ ብቻዬን ጠጣሁ። ልተኛ ብዬ ነበር፤ ግን ስልኬን አራት ጊዜ አንስቼ አየሁት። ከዋርድ፣ ከምመራው የሕፃናት ሕሙማን ክፍል፣ ማንም አልደወለም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጡ ገና ሳይቆረስለት "ሲስተር፣ የኦክስጅኑ መፍቻ የት ነው?" ተብያለሁ። ዘመዶቼ "አይ፣ ያላንቺ አይሆንላቸውም" ሲሉ ፊቴን አኮሳተርኩ። ልቤ ግን ቅቤ ጠጣ።

መፍቻው ከአንሶላ ቁምሳጥኑ ታችኛው መደርደሪያ፣ ከጎዙ ጀርባ ነው። እዚያ የደበቁት ከኔ በፊት ኃላፊ የነበሩት ሲስተር ወ. ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ስለጠፋባቸው። 60 ሞልቷቸው ጡረታ ሲወጡ አልጋው፣ አንሶላው፣ የሽንት ዕቃው ሳይቀር ተቆጥሮ ተረከብኩ፣ ፈረምኩ። ጋቢ አልብሰን ሸኘናቸው። በሳምንቱ ሌሊት አንድ ሕፃን ትንፋሽ አጠረውና ሲሊንደር መቀየር ሆነ። መፍቻው የለም! ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደወልኩላቸው። በመጀመሪያው ጥሪ አነሱት። ድምፃቸው ተኝቶ የነበረ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ይሄ ነገር ዛሬ ነው የገባኝ።

እሳቸው መፍቻ ብቻ አልነበረም የያዙት። ጠዋት ሲገቡ፣ እኛን ሰላም ሳይሉ፣ በአልጋዎቹ መሃል እያለፉ የልጆቹን እግር ጨበጥ ያደርጋሉ። "ይሄን ልጅ እዩት" ካሉ ይታያል። በኢታት፣ በጠና የታመመን ሕፃን ቶሎ ለይቶ የማከም ስልጠና፣ እኛም ተምረነዋል፤ እጁ ከቀዘቀዘ፣ ጥፍሩን ተጭነሽ ስትለቂው ደሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ የልብ ምቱ ደክሞ ከፈጠነ ሾክ ነው፤ ደሙ ለሰውነቱ በበቂ እየደረሰ አይደለም። እሳቸው ግን ሲቆጥሩ አይቼ አላውቅም። እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው "እኔ እንጃ፣ እግሩ ደስ አላለኝም" አሉኝ። ይሄ በየትኛው የንብረት መረከቢያ ሞዴል ላይ ይፈረማል?

በቅዳሜና እሁድ ትምህርቴ ላይ መልስ ነበረው። ኖናካና ታኬውቺ የሚባሉ ሁለት ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት ባለ አራት ሳጥን ሥዕል አለ። እውቀት ከሰው ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ጽሑፍ፣ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ፣ ከጽሑፍ ተመልሶ ወደ ሰው ይዞራል። ፈተናው ላይ ደፈንኩት። ከዚያ ወፍራም ደብተር ገዛሁ፤ ሽፋኑ ላይ በማርከር "የዋርዳችን እውቀት" ብዬ ጻፍኩ። አንደኛው ገጽ ላይ ቀን አለ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የእቁብ ስም ዝርዝር ተጀምሯል። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።

የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለው ናይቲንጌል እንኳ እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው የነርሲንግ ማስታወሻ ብላዋለች፤ አንቺ እያለሽ የሚሠራው አንቺ በሌለሽበትም እንዲሠራ ካላደረግሽ ጥሩ እንክብካቤሽ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ይህችን ስላይድ ላይ አድርጌ ለጀማሪዎቹ አስተምሬያለሁ። ስላይዱ ፍላሼ ውስጥ ነው። ፍላሹ ቦርሳዬ ውስጥ። ቦርሳው ይኸው፣ አጠገቤ።

እንደ ሲስተር ወ. እጄ የሚያውቀው ነገር ቢኖረኝ እሺ። መፍቻ እኮ ነው! ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር መምታት ነበር። ምስማር ከመታሁ ግን ማን ይደውልልኛል?

አላስቻለኝም፣ ራሴ ደወልኩ። ውክልና የሰጠሁት ልጅ አነሳ።

"ሰላም ናችሁ? መፍቻውን አገኛችሁት?"

"የቱን መፍቻ? እ... እሱንማ አንቺ በወጣሽ ቀን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው እኮ ሲስተር። አንቺ ዕረፊ።"

ጎበዝ አልኩት። ጎበዝም ነው። ታዲያ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለምን ከፋኝ?